ዘመድ ያስቀጠረበትን ድርጅት ስለ መክሰስ
(ለመጠለያው ነዋሪዎች ከተሰጠ የሕግ ማብራሪያ)



ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ ከመፈንዳቱ በፊት በባሕሪ የፋብሪካ ሠፈር ስትሠሩ በመኪና ጣታችሁ የተቆረጠ፣ ደመወዛችሁ የቀረባችሁ አላችሁ። ሥራው የተገኘው ደግሞ በዘመድ ነው፤ ፎርማን የሆነ አጎት «ልጄ ነው» ብሎ አስገባችሁ። ዛሬ ድርጅቱን ልክሰስ ስትሉ ቤተሰቡ «እንጀራውን ልትዘጋበት ነው?» ይላል። አክስትም «ባጎረስን ተነከስን» ትላለች።

ስደተኛ መክሰስ ይችላል ወይ? ይችላል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 16 ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት ይሰጣል። ሆኖም የሥራ ፈቃድ ያልነበረው ሰው ይህንን ለጠበቃው አስቀድሞ ይንገር፤ መደበቅ ኋላ ይጎዳል።

ተከሳሹ አሠሪው ድርጅት እንጂ አጎት አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። የቅጥር ወረቀታችሁ ካርቱም ቀርቷል። እዚያ መሥራታችሁን የሚያውቅ ዋና ምስክር እሱ ነው፤ ባለቤቶቹ ፋብሪካውን ሲከፍቱ ተመልሶ እንዲቀጠር የሚጠብቅም እሱ ነው። ስለዚህ ከፈቀደ ይመስክር፤ አስታራቂና አስተርጓሚ ግን አይሁን። ምንም ደግ ቢሆን ልቡ ለሁለት ይከፈላል። «ከድርጅቱ የምፈልገው የለም» የሚል የአረብኛ ወረቀት ዘመድ እያነበበላችሁ አትፈርሙ፤ ባዕድ ያንብበው።

ሽማግሌ የእናንተንና የአጎትን ቅያሜ ያብርድ፤ የጣትን ዋጋ ግን አይተምን። (ሽማግሌዎቹም ልጆቻቸውን እዚያው አስቀጥረው ከሆነ ሌሎች ፈልጉ።)

ጊዜውንም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስት ኤርትራውያን ስደተኞች ኔቭሰን የተባለውን የካናዳ የማዕድን ኩባንያ በቢሻ ማዕድን በግዳጅ ሠርተናል ብለው እዚያው ካናዳ ከሰሱ። ኩባንያው ጉዳዩ እዚህ አይታይም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ዳኞች 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀዱ፤ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። ያም ጠበቃና ደጋፊ ኖሯቸው ነው።

በእኔ አስተያየት ለአንድ ወር ደመወዝ ብሎ ከአጎት መቆራረጥ አይገባም። ሥራ የማይሠራ እጅ ይዞ ዝም ማለት ግን ሌላ ነው፤ ያ እጅ ልጆች ያሳድግ ነበር። ከመክሰሳችሁ በፊት ከአጎት ጋር ተቀምጣችሁ ግልጹን ተነጋገሩ፤ ሥራውን ቢከለከል ቤቱ በምን ይኖራል? መረዳዳት ወጉ ነው። «ብትመሰክርልኝ ከካሣው አካፍልሃለሁ» ማለት ግን አይሆንም፤ የድርጅቱ ጠበቃ የተገዛ ምስክር ይለዋል፣ ክሱም ይወድቃል።

አልመሰክርም ካለ አታስገድዱት። አብረዋችሁ የሠሩትን በየመጠለያው አፈላልጉ፤ የሐኪም ወረቀት፣ በሥራ ልብስ የተነሳችሁት ፎቶግራፍ ቢኖር አትጣሉ። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ የተጎዳችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ወደ ሕግ አማካሪ ቶሎ ቅረቡ።