ባሕር ተሻግሮ የመጣ መንደር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ መንደር ነው። መንደሩ ሴንት ጄምስ ይባላል። የሚገኘው በአሜሪካ፣ ሚሺጋን በሚባለው ትልቅ ሐይቅ ውስጥ፣ ቢቨር በምትባል ደሴት ላይ ነው። በደሴቲቱ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት 600 ያህል ሰዎች ናቸው።

የብዙዎቹ አያት ቅድመ አያቶች ከአየርላንድ የመጡ ናቸው። ታዲያ አገራቸውን ለምን ለቀቁ? እስቲ እንይ። ዓመቶቹን የምነግራችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአየርላንድ ደሃ ገበሬ የሚኖረው በድንች ነበር። በ1845 ድንቹን በሽታ መታው። ማሳው ላይ ጠቆረ፤ ሸተተ። ረሃቡ እስከ 1852 ድረስ ቆየ። 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ደግሞ ተሰደደ። መሬቱ የባላባት ነበር። ኪራይ መክፈል ያቃተው ጭሰኛ ከነልጆቹ ከቤቱ ይባረር ነበር። አራንሞር በምትባለው የአየርላንድ ደሴትም ይኸው ሆነ።

ስደተኛው ሊሄድ ሲል፣ በዋዜማው ሌሊት ጎረቤት ይሰበሰባል። ይዘፈናል፤ ይለቀሳል። አሜሪካ የሄደ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነበርና፣ በቁሙ እንደ ሞተ ይለቀስለታል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለጋል። እሱም ለቤተ ሰቡና ለጎረቤቱ ጮክ ብሎ ያነባል። አንዳንዱ ደብዳቤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እየሆነ፣ ዘመድ ዘመዱን እየጠራ፣ ብዙ የአራንሞር ሰው ቢቨር ደረሰ።

ደሴቲቱ ግን ባለቤት ያልነበራት አይደለችም። ኦዳዋ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ይኖሩባት ነበር። ቆይቶም ጄምስ ስትራንግ የተባለ ሰው የሞርሞን እምነት ተከታዮቹን ይዞ መጣ። በ1850 ራሱን ንጉሥ አሰኘ። በ1856 በጥይት ተመትቶ ሞተ። ተከታዮቹም በጉልበት ተባረሩ። እነሱ መንጥረው ያቀኑትን መሬትና የሠሩትን ቤት አይሪሾቹ ያዙት። አያችሁ፣ ከቤቱ የተባረረ ሰው ከሌላ ተባራሪ ቤት ገባ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይባል የለ? ታሪክ ስንማር ደስ የማይለውንም መዝለል የለብንም።

አይሪሾቹ በመረብ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ዓሣውን በጨው አሽተው፣ በበርሜል አሽገው ይሸጡታል። እርሻም ያርሳሉ። በብርዱ ወራት ሐይቁ በረዶ ስለሚሆን መርከብ አይመጣም። ያን ጊዜ ማታ ማታ ከአንዱ ቤት ተሰብስበው ቫዮሊን ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ተረት ያወራሉ። ቄስ ፒተር ጋላገር የሚባሉ ካህንም ለ30 ዓመታት ያህል በራሳቸው በአይሪሽ ቋንቋ ያገለግሏቸው ነበር።

ነገር ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ብዙዎቹ ወላጆችም አይሪሽን ይናገሩታል እንጂ መጻፍና ማንበብ አልተማሩም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ባለፉ ቁጥር ቋንቋውም አብሮ አለፈ። ከዘፈኖቹ ግን የተረፈ አለ። በ1938 አለን ሎማክስ የተባለ ሰው መቅረጫ መሣሪያ ይዞ ሄዶ የደሴቲቱን ዘፋኞች ድምፅ ቀዳ።

በ1940ዎቹ ዓሣው ተመናመነ። አንዱ ምክንያት ከመጠን ያለፈ ማጥመድ ነው። ሌላው ከውጭ የገባ፣ እባብ የሚመስል፣ ዓሣ ላይ ተጣብቆ ደሙን የሚመጥ ፍጡር ነው። ብዙ ወጣት ሥራ ፍለጋ ደሴቲቱን ለቆ ሄደ። ዛሬ መንደሩ ገቢ የሚያገኘው በተለይ በበጋ ከሚመጣ እንግዳ ነው።

ሆኖም ዘመድ ዘመዱን አልረሳም። በ2000 አራንሞርና ቢቨር እኅትማማች ደሴቶች ሆኑ። ስትራንግ ጋዜጣ ያሳትምበት የነበረው አሮጌ ማተሚያ ቤትም አልፈረሰም፤ ዛሬ የደሴቲቱ ታሪክ የሚታይበት ሙዚየም ነው።

ውድ አዳማጮች፣ ተሰናብቻችሁ ከመሄዴ በፊት አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። የመንደራችሁን የመጀመሪያ ሰፋሪዎች የሚያውቅ ሽማግሌ አለ? ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ የነገራችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት። ደኅና ሁኑ።