የሚንቀጠቀጥ እጅና የሕዋስ ምድጃ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ፓርኪንሰን በሽታ ነው። በመልካሳ በአዋሽ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ በተለይ ልብ ብላችሁ ተከታተሉት።

እጃቸው ሥራ ሲፈታ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰውነታቸው የደረቀ፣ እግራቸውን እየጎተቱ የሚሄዱ አዛውንት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲጽፉም ፊደላቸው እየደቀቀ ይሄዳል። አንዱ «መጠጥ ነው» ይላል፤ ሌላው «ልክፍት ነው» ይላል። ሁለቱም አይደለም። በሽታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋስ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ምድጃዎች አሉ። የምንበላው እህል ማገዶው ነው፤ የምንተነፍሰው አየር እሳቱን ያነደዋል። ኃይል የምናገኘው ከዚያ ነው። በአንጎላችን ውስጥ ደግሞ ዶፓሚን የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ። እጅና እግራችን በደንብ የሚታዘዘን በዶፓሚን ነው። እነዚህ ሕዋሳት ብዙ ኃይል ስለሚፈጁ፣ ምድጃቸው ሲዳከም ቶሎ ይሞታሉ።

ይህ እንዴት ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በስሕተት የተቀመመ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በድንገት ደርቀው ቀሩ። መርዙ ሲመረመር ያንኑ ምድጃ የሚያጠፋ ሆኖ ተገኘ። ሮቴኖን የተባለው ፀረ ተባይም ምድጃውን ያፍናል። ፓራኳት የተባለው ፀረ አረምም ሕዋስን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ ከሁለቱ አንዱን የተጠቀሙ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው 2 እጥፍ ተኩል ያህል መሆኑን አመለከተ። የረጨ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ዕድሜና ዘርም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የምንረጨውን «መድኃኒት» እንለዋለን እንጂ መርዝ ነው። እንግዲህ ፊደል የመቁጠራችሁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታይ! ከመርጨታችሁ በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ያልገባችሁን የግብርና ልማት ሠራተኛውን ጠይቁ። ጓንት አጥልቁ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ነፋሱ ወደ እናንተ ሲነፍስ አትርጩ። በባዶው ጀሪካን ውሃ አትቅዱበት።

እጁ የሚንቀጠቀጥ ዘመድ ካላችሁም አትደብቁት፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት በሽታውን ነቅሎ ባያጠፋም ያቀልለዋል። ክብራ ከበደ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ራሳቸው በሽታው ይዟቸው ሳለ፣ ለሕሙማን የሚቆም የድጋፍ ድርጅት በአገራችን አቋቁመዋል። የታመመ ሰው ከሰው መካከል መውጣት የለበትም።

ለዛሬ በዚሁ እናብቃ። ያነበባችሁትን ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት ንገሩ። ደኅና ሁኑ።