ሳትጠራው ያዳናት

አቅራቢ 1፦ በ1998 ክረምት፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ነዋሪ ቀጠፈ። ቀፊራ ገበያ ወንዙ ዳር ነው። ደራሽ ውሃ እየመጣ አንዲት የገበያው ነጋዴ «ዕቃዬን ትቼ አልሄድም» ብትል፣ ጎረቤቷ ጎትቶ ሲያወጣት ክንዷ ቢሰበር፣ ይጠየቃል?

አቅራቢ 2፦ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 እኮ፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ በጭንቅ ላይ ያለን ሰው ትቶ የሄደውን ይቀጣል።

አቅራቢ 1፦ እምቢ ያለችውንስ? አካሏ የራሷ ነው።

አቅራቢ 2፦ ልክ ነሽ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሳይወከል የሌላውን ጉዳይ የሚሠራ ሰው እንዲጠነቀቅ ያዛል። ግድየለሽነቱ ይመዘን፤ ጎርፍ ደጃፍ ሲደርስ እጅ መዘርጋት ግን ሊያስከስስ አይገባም።

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ድሬ ባይዘንብም ውሃው ከደጋው ይወርዳል። ደመና ስታዩ የወንዙ አሸዋ ላይ የዘረጋችሁትን ሰብስባችሁ ቀድማችሁ ውጡ።