በደሴት ላይ የኑሮ ውድነት እንዴት ሊቃለል ይችላል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ርእስ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት በሃዋይ ደሴቶች የኑሮ ውድነት እንዴት ሊቃለል እንደሚችል የሚመለከት ነው። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስለ ሩቅ ደሴት ማውራት ለእኛ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ እኛም ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር የሌለን ሕዝብ ነን፤ ከውጭ የሚመጣልንም ዕቃ አብዛኛው በጂቡቲ ወደብ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ዕቃ በመንገድ ላይ ሳለ ዋጋው እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ለእኛም ትምህርት ነው።

ሃዋይ በ1959 የአሜሪካ 50ኛ ግዛት ሆነች። ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ዋና ከተማዋ እስከ ሆኖሉሉ ያለው ርቀት ከ3,800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሚበላውም ምግብ ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆነው ከውጭ እንደሚገባ ይገመታል። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው የባሕሩን ዳርቻና አበባውን አይቶ ገነት ነው ይላል፤ እዚያ ተወልዶ ያደገው ግን የቤት ኪራይና የወተት ዋጋ እያሳደደው ይሰደዳል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከሃዋይ ተወላጆች ከግማሽ የሚበልጡት ከደሴቶቹ ውጭ ተገኝተዋል። ብዙዎቹ የሄዱባት የላስ ቬጋስ ከተማ በረሃ ላይ ያለች ስትሆን፣ ዋናዎቹ ደሴቶች ስምንት ስለሆኑ እርስዋን «ዘጠነኛዋ ደሴት» ይሏታል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ኀዘን ያለበት ቀልድ ነው።

ባሕሩን እግዚአብሔር ዘርግቶታል፤ የሚያሳጥረው መንግሥት የለም። ይሁን እንጂ ውድነቱ ሁሉ የባሕሩ ሥራ አይደለም፤ ከፊሉ ሰው የሠራው ነው። ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። ስለዚህ አራት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛው ስለ መርከብ ነው። በ1920 የወጣውና በሴናተር ዌስሊ ጆንስ ስም የጆንስ ሕግ የሚባለው ሕግ፣ ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ዕቃ የሚያመላልስ መርከብ በአሜሪካ የተሠራ፣ የአሜሪካውያን ንብረት የሆነና ከመርከበኞቹም አብዛኞቹ አሜሪካውያን የሆኑ እንዲሆን ያዛል። በአሜሪካ የሚሠራ መርከብ በእስያ ከሚሠራው ብዙ እጥፍ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ በዚህ መሥመር የሚሠሩት ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት ነጋዴ ባለበት ገበያ ደግሞ ዋጋ በቀላሉ አይወርድም። የሕጉ ደጋፊዎች በጦርነት ጊዜ የራሱ መርከብና መርከበኛ የሌለው አገር ይቸገራል ይላሉ፤ ይህም እውነትነት አለው። እንግዲህ መርከበኞቹና ባለቤቶቹ አሜሪካውያን እንደሆኑ ይቅሩ፤ ለሩቅ ደሴቶች የሚያገለግለው መርከብ ግን ከወዳጅ አገር እንዲገዛ ይፈቀድ።

ሁለተኛው ስለ መሬትና ስለ ቤት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከደሴቶቹ መሬት ከመቶ 49 ያህሉ የመንግሥት ሲሆን፣ ሌላው ከመቶ 47 በ72 ባለርስቶች እጅ ብቻ ነበር። በ1967 የወጣው የመሬት ሕግ በሰው መሬት ላይ በኪራይ የሚኖሩ ባለቤቶች መሬቱን እንዲገዙ መንገድ ከፈተላቸው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1984 ሕጉን አጸናው። ነገር ግን ያ ቤት ቆይቶ ለሩቅ ሀብታም በውድ ከተሸጠ ለሚቀጥለው ትውልድ ምን ተረፈው? እዚህ ላይ ሌላዋን ደሴት ሲንጋፖርን መመልከት ይገባል። በ1960 የቤቶች ልማት መሥሪያ ቤት አቋቁማ መኖሪያዎችን በብዛት ሠራች፤ ለነዋሪዎችም የምትሸጠው ለ99 ዓመት ነው። ዛሬ ከአሥር ነዋሪዎቿ ስምንት ያህሉ በእነዚህ ቤቶች ይኖራሉ። የሃዋይ መንግሥትም ብዙ መሬት አለው፤ በዚያ ላይ ለሠራተኛው ቤት ቢሠራ መሬቱን ሳይሸጥ ሕዝቡን ማኖር ይችላል።

ሦስተኛው ስለ ምግብ ነው። ደሴቶቹ ለብዙ ዘመን ለውጭ ገበያ ስኳር ሲያመርቱ ኖሩ፤ የመጨረሻው የሸንኮራ እርሻ በማዊ ደሴት በ2016 ተዘጋ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ ሸንኮራ ይበቅልበት በነበረው መሬት አትክልትና ሥራ ሥር ለማምረት ለሚፈልግ ወጣት ገበሬ ረጅም የኪራይ ውልና የመስኖ ውሃ ሊሰጠው ይገባል። ደግሞም በግዛቲቱ ከመቶ 4 የሚሆነው የሽያጭ ግብር ከነአውራጃው ጭማሪ በምግብ ላይ ሳይቀር ይከፈላል። ይህን ግብር እንግዶችም ስለሚከፍሉት ጨርሶ ቢነሣ ግምጃ ቤቱ ይጎዳል የሚሉ አሉ። ስለዚህ በሆቴል ምግብ ላይ ይቅር፤ እናት ከገበያ ገዝታ በቤቷ ከምታበስለው ከሩዝ፣ ከዓሣና ከአትክልት ላይ ግን ይነሣ።

አራተኛው ስለ መብራት ነው። የደሴቶቹ ኤሌክትሪክ አብዛኛው በመርከብ ከሚመጣ ነዳጅ ዘይት ስለሚገኝ ዋጋው በአሜሪካ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። በካዋይ ደሴት ግን ነዋሪዎቹ በ2002 የመብራት ኩባንያውን ገዝተው በኅብረት ሥራ ማኅበር ያዙት፤ አሁን ከኃይላቸው ከግማሽ የሚበልጠውን ከፀሐይ፣ ከውሃና ከመሳሰለው ያገኛሉ። ፀሐይ በመርከብ አትጫንም፤ ቀረጥም የለባትም። የቀሩትም ደሴቶች ይህን ምሳሌ ቢከተሉ ይጠቀማሉ።

ክቡራትና ክቡራን፤ እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን እፈጽማለሁ። በሆኖሉሉም እንደኔ የ18 ዓመት ዕድሜ ያለው ተማሪ ትምህርቱን ይፈጽማል። እርሱ የሚጠይቀው «ምን እማራለሁ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በተወለድሁበት አገር መኖር እችላለሁን?» ብሎም ነው። የአንድ አገር የኑሮ ሕግ መልካም መሆኑ የሚታወቀው በሚመጡት እንግዶች ብዛት አይደለም፤ ልጆቿ ሊቀሩባት በመቻላቸው ነው እንጂ። ነገ ሹመት ወይም ንግድ የምንይዝ ሁሉ፣ ዋጋ ተወደደ ብለን ከማማረራችን በፊት፣ የትኛው ውድነት ከእግዚአብሔር ባሕር፣ የትኛውስ ከሰው ሕግ እንደመጣ ለይተን እንድንጠይቅ ይህ ትምህርት ቤት አስተምሮናል። 

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።