ከቃጠሎ በኋላ የሚመለሰውና የማይመለሰው ደን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ቃጠሎ ከብዙዎቻችሁ ትዝታ ገና አልወጣም። በግጭ አካባቢ የጓሳው ሣርና የአስታው ደን ሲነድ፣ ገበሬውና ወጣቱ እርጥብ ቅጠል፣ አካፋና ጀሪካን ይዞ ዳገቱን ወጣ። ጠፋ ከተባለም በኋላ እንደገና ተነሣ፤ በሚያዝያ ወር ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት ባለሙያዎች መጡ።

ጠፋ የተባለ እሳት ለምን ይነሣል? ከአስታ ሥር ለዓመታት የረገፈ ቅጠል፣ ደረቅ ሥርና ሽበት ይከማቻል። ነበልባሉ ሲከስም ፍሙ በዚያ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ ነፋስ ሲያገኝ ብቅ ይላል። ስለዚህ ነበልባሉን አጥፍቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ሥራውን የጀመረው እንጂ የጨረሰው አይደለም። ትኩሱን አፈር መቆፈር፣ መገልበጥና ቦታውን ሌሊትም ቀንም መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለ ግጭ ሲነሣ በግልጽ መባል ያለበት ነገር አለ። ነዋሪዎቹ ከቃጠሎው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ከብቱ ሲቀንስ ሣሩ አገገመ፤ ይህ ለዋልያውም ለጭላዳውም መልካም ነበር። ነገር ግን ያልተጋጠ ሣር በበጋ ደርቆ ሲቆም ለእሳት ማገዶ ነው፤ ጭሱን ቀድሞ የሚያየው ሰውም ከቦታው ርቋል። ሰውን ከደኑ ማውጣት ጥበቃ ነው ብሎ ያቀደ ኃላፊ ይህንንም አብሮ ማሰብ ነበረበት።

እሳት ሁሉን ደን እኩል አይጎዳም። አስታ ግንዱ ቢነድም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የባሌ አርብቶ አደሮችም ለግጦሽ ሲሉ አስታን ሲያቃጥሉ የኖሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው፤ ለጋው አስታ በቀላሉ እንደማይቀጣጠልም ያውቃሉ። ጥድ ግን እንዲህ አይደለም። የተቃጠለ የጥድ ጉቶ አያቆጠቁጥም፤ ከዘር ብቻ መነሣት አለበት፣ ዕድገቱም አዝጋሚ ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ሰደድ እሳት ለሳምንታት ሲነድ የከረመው እንዲህ ባለ የተፈጥሮ ደን ውስጥም ነበር። በዚያ ድርቅ በበረታበት ዓመት የጫካ ቡና የሚለቀምበት የሐረና ደን እንኳ አልተረፈም። ከአዲስ አበባ ተማሪዎች ሳይቀሩ በፈቃደኝነት ዘምተው ነበር።

አስታውም ቢሆን የሚመለሰው ካስመለሱት ነው። ከቃጠሎ በኋላ የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ ፍየል ከቀጨው፣ በላዩም ዳግመኛ እሳት ከመጣበት ጉቶው ይደክማል። አፈሩም ራቁቱን ክረምት ይገባና ወደ ተከዜ ገባሮች ይታጠባል።

ከሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከዚያም ወደ ጨነቅ በእግሩ የሚጓዘው እንግዳ ጠቁሮ የቆመውን ጉቶ ለአንድ ቀን አይቶ ያልፋል። በቅሎ አከራዩ፣ መንገድ መሪው፣ ስካውቱና ምግብ አብሳዩ ግን ኑሯቸው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በደረሰው ጦርነት እንግዳ ሲጠፋ ምን እንደደረሰባቸው ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

እሳቱን የሚያስነሣው በአመዛኙ የሰው እጅ ነው፦ ማር ቆራጭ የጣለው ችቦ፣ ከሰል አክሳይ፣ ማሳ ሲጸዳ ያመለጠ ነበልባል፣ እረኛ ለብርድ ያነደደው። እረኛውን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው፤ ፍየሉን የት ይውሰድ ለሚለው ግን መልስ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ዩኒየኑ የሚችለው ሥራ አለ። ከጥር በፊት በየቀበሌው አካፋ፣ ዶማና ገጀራ አንድ ቦታ ማስቀመጥ፣ በማሳና በደን መካከል እሳት መከላከያ መስመር መጥረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የተቃጠለው ቦታ ቢያንስ ለሁለት ክረምት ከከብት እንዲከለል ከተፈለገ ደግሞ፣ ግጦሹን ላጣው አባል ጭድና ድርቆሽ ከመጋዘን በዱቤ ሊሰጠው ይገባል። የዱቤውን መጠንና የመክፈያ ጊዜውን የሚወስነው የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ ነው።