በመዝገባችን ያልገባው ገቢ



በዚህ ዕለት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል፤ ተገቢም ነው። እኔ የምናገረው ግን በመዝገባችን ውስጥ ስለሌለው፣ ከዱር ስለሚገኘው ገቢ ነው።

ከቢዮ አዋሌም ሆነ ከወሂል፣ ከጀልዴሳም ሆነ ከአሰሊሶ ብትነሱ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ማሽላው ሳይደርስ ጎተራው ሲራቆት፣ እናቶች ሌሊት ተነስተው እንጨትና ከሰል በአህያ ወይም በጀርባቸው ይዘው ወደ ድሬዳዋ ይጓዛሉ። በሽያጩ ዱቄትና ጨው ገዝተው ይመለሳሉ። በየወቅቱ የቁልቋል ፍሬ፣ ሮቃና ቁርቁራ ገበያ ይወጣል። የቁርቁራ ቅጠል ደርቆ ሲፈጭ ቀሲል ይሆናል፤ ሴቶቻችን ፊታቸውንና ፀጉራቸውን የሚታጠቡበት ማለት ነው። ይህ ዛፍ ለከሰል ከተቆረጠ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። ከቆመ ግን ፍሬው ለልጆች፣ ቅጠሉ ለገበያና ለፍየል፣ አበባው ለንብ በየዓመቱ ይተርፋል።

የመራቆቱን ዋጋ ከተማችን ታውቀዋለች። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። ዝናቡ የጣለው በስተደቡብ ባለው ከፍታ ላይ ነበር፤ የተራቆተው ተዳፋት ውኃውን መያዝ አልቻለም።

ይሁን እንጂ ኃላፊዎች ቅር አይበላችሁና፣ ሸክም በኬላ መቀማት ዛፍ አያድንም። የተቀማችው እናት በማግሥቱ ሌላ ትቆርጣለች፤ ልጆቿ የሚበሉት የላቸውምና። በአባልነት የሚመዘገበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ስለሆነ፣ እሷን በጉባኤያችን አናገኛትም።

በአዳባና ዶዶላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሞከረው ሌላ መንገድ ነበር። በአንድ ቡድን ከ30 ያልበለጡ አባወራዎች በውል ተደራጅተው ጫካውን እንዲጠብቁም እንዲጠቀሙበትም ተደረገ። የእኛ ቁጥቋጦ የዶዶላ ጽድ አይደለም፤ ሥርዓቱን ግን መውሰድ እንችላለን። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንን በሕግ ያውቃል።

ለከሰል የሚሆን እንጨትም ቆላው ላይ አለን፤ ፕሮሶፒስ። ግጦሹን ወርሮ ያስቸገረንን ይህን ባዕድ ዛፍ እንቁረጥ፣ ግራሩን እንተው። ብቻ ከመሬት በላይ የተቆረጠ ፕሮሶፒስ መልሶ ያቆጠቁጣልና ከመሬት በታች ተቆፍሮ ይቆረጥ። ፍሬውም ለከብት የሚሰጠው ዘሩ እስኪደቅ ተፈጭቶ ይሁን፤ ካልሆነ በእበት እየተዘራ ይስፋፋል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር በአጀንዳ እንዲያዝ እጠይቃለሁ፦ እንጨት ሻጭ እናቶች በራሳቸው ስም አባል እንዲሆኑ፣ ዩኒየኑ ማርና ቀሲል ተረክቦ እንዲሸጥ፣ የፕሮሶፒስ ከሰል አምራቾችም ፈቃድ አግኝተው ኬላውን በደረሰኝ እንዲያልፉ። የመጀመሪያው ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም፤ የምዝገባ ቅጹ በየማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አለ።