የድምፅ ሞገድና የተዘጋው የአንጎል ደም ሥር

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



የአንጎሉ ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ በድንገት ግማሽ አካሉ የሰነፈበትን ሰው በድምፅ ሞገድ መርዳት ይቻላልን? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ አይደለም። ገንዘብ አዋጥተን መሣሪያውን ለገጠር ክሊኒኮች እንላክ የሚል አሳብ ከአንዳንዶቻችሁ ቀርቧል። የምታዋጡት ከጉሮሮአችሁ ነጥቃችሁ ነውና ነገሩን እንዳለ ልንገራችሁ።

አልትራሳውንድ፣ ያው በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የምናየው፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። ኖርዌያዊው ሩነ ኦስሊድና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. ሞገዱን አጥንት በሚሳሳበት በጆሮ ግንድ በኩል ልከው የአንጎልን የደም ፍሰት መለካት ቻሉ። በ1995 ደግሞ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በጊዜ ለደረሱ የስትሮክ ሕሙማን እንደሚረዳ ተረጋገጠ። ሁለቱ ሲገናኙ ነው አሳቡ የመጣው። ፍሰቱን ለመከታተል ሞገዱን ያለማቋረጥ የላኩ ሐኪሞች የተዘጋው ቶሎ ሲከፈት አስተዋሉ።

ሞገዱ የረጋውን ደም እንደ መዶሻ አይሰብረውም። በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ እያንቀጠቀጠ መድኃኒቱ በክሮቹ መካከል እንዲገባ ያግዛል። ልብስ ዘፍዝፎ በመተውና እያሹ በማጠብ መካከል ያለውን ልዩነት እናቶች ያውቁታል።

በ2004 የታተመ ጥናት 126 ሕሙማንን መረመረ፤ ሁሉም መድኃኒቱን ወስደዋል፣ እኩሌቶቹ ብቻ ሞገዱ ተጨምሮላቸዋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ደም ሥራቸው ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ወይም በሚያስደንቅ ሁኔታ የተሻላቸው ሞገዱን ካገኙት 49 ከመቶ፣ ካላገኙት 30 ከመቶ ነበሩ። ደስታው ትልቅ ነበር። ይሁን እንጂ ከሦስት ወር በኋላ የታየው ልዩነት አስተማማኝ አልነበረም። በዝቅተኛ ድግግሞሽ የተሞከረ ሌላ ጥናትም አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ስለበዛ ከመንገድ ተቋረጠ። ድምፅ ነው ተብሎ አይናቅም ማለት ነው።

ከዚያ ያለ ባለሙያ እጅ የሚሠራ፣ በራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ተሠራ። እናንተ ያሰባችሁት ይህን የመሰለውን ነው። 676 ሕሙማን ተሞከረባቸው፤ ጥቅም እንደማይታይ ሲታወቅ ጥናቱ ቆመ፣ ውጤቱም በ2019 ታተመ። ሊቃውንት ምርምሩን አልተዉም፤ ነገር ግን እስካሁን የተለመደ ሕክምና አልሆነም። በትልልቅ ሆስፒታሎች ቦታውን የያዘው፣ ከ2015 ወዲህ፣ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብቶ የረጋውን ደም ስቦ ማውጣት ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ስትሮክ ሁሉ መዘጋት አይደለም፤ ደም ሥር ፈንድቶም ይመጣል። ለተዘጋበት ሰው የሚበጀው መድኃኒት የፈነዳበትን ይገድላል። የሚለያቸውም ሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካንና መድኃኒቱ በሌሉበት ክሊኒክ ይህ የራስ መሣሪያ ምን ይሠራል?

መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ይህ ጊዜ በቤት ያልቃል። አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል፣ አንዱ እስኪነጋ እንጠብቅ ይላል። ሽማግሌዎች ተጠርተው እስኪጸለይ የሚቆይም አለ፤ ወገኖቼ፣ በመኪና ውስጥም ይጸለያል።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ አፉ የተጣመመ፣ አንድ እጁ የከዳው ወይም አንደበቱ የተያዘ ሰው ካያችሁ፣ በደኅና የታየበትን የመጨረሻ ሰዓት ጠይቃችሁ ጻፉ። መዋጥ መቻሉ ሳይታወቅ ውኃም ምግብም አትስጡት፤ አስፕሪንም ከምርመራው በፊት አይሰጥ። የተዋጣውን ገንዘብ በተመለከተ፣ እኔ የምመርጠው የደም ግፊት መለኪያ፣ የግፊት መድኃኒትና ለመኪና የሚሆን ነዳጅ ነው። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ እያንዳንዱ ክሊኒክ ቅርብ ያለው ሲቲ ስካን የት እንደሆነ፣ በሌሊት ይሠራ እንደሆነና ስልኩን አጣርቶ በግድግዳው ላይ ይለጥፍ።